ወግ አጥባቂ ፓርቲ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ወግ አጥባቂ የሚባለው ፓርቲ የቆየውን ሥርዓት ጠብቆ ለማቆየት የቆመ ማኅበር ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ ሲመረመር፣ ሳይለወጥ የኖረ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝ አገር ሰር ሮበርት ፒል፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1846፣ የባለ መሬቶችን ጥቅም ይጠብቅ የነበረውን የእህል ሕግ አሻሩ፤ ፓርቲያቸውም በዚሁ ምክንያት ለሁለት ተከፈለ። በ1867 ደግሞ ያው ፓርቲ በዲዝራኤሊ ብልሃት ለብዙ የከተማ ሠራተኞች የመምረጥ መብት ሰጠ።

እንግዲህ መለወጥ ብቻውን ነውር አይደለም። ነውሩ ምክንያቱን ለሕዝብ ሳያስረዱ መለወጥ ነው። ፒል በፓርላማ ቆመው ምክንያታቸውን ተናገሩ፤ ዋጋውንም በሥልጣናቸው ከፈሉ።

በአገራችን ራሱን ወግ አጥባቂ ብሎ የሰየመ ገዥ ፓርቲ አልነበረም። ነገር ግን አብዮታዊ ነኝ ያለውም ቢሆን በሥልጣን ላይ በቆየ መጠን የያዘውን ጠባቂ መሆኑ አይቀርም። ለዚህም ወላይታ ጥሩ ምስክር ትሆናለች።

ኢሕአዴግ አብዮታዊ ዲሞክራሲን መመሪያው አድርጎ፣ እያንዳንዱ ሕዝብ በቋንቋው እንዲማርና ራሱን እንዲያስተዳድር አስተማረ። የ1987 ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 47 እያንዳንዱ ብሔረሰብ የራሱን ክልል የማቋቋም መብት እንዳለው ደነገገ። ሆኖም የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አጣምሮ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የሶዶ ሕዝብ ተቃወመ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይታ ዞን ሆነች። ትምህርቱን የሰጠው ፓርቲ፣ ትምህርቱን አምኖ የጠየቀውን ሕዝብ እንደ ተቃዋሚ ማየቱን ያን ጊዜ ተመለከትን።

ከወላይታ የተወለዱት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ከ2005 እስከ 2010 ዓ.ም. አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት መሩ። በታኅሣሥ 2011 የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። በኅዳር 2012 ኢሕአዴግ ከስሞ ብልጽግና ፓርቲ ሲተካው፣ «አብዮታዊ ዲሞክራሲ» የሚለው ቃል ቀርቶ «መደመር» የሚለው መጣ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የዞኑ ባለ ሥልጣኖች ታሰሩ፤ በሶዶና በአካባቢዋ በተነሣው ተቃውሞም ሰዎች ሞቱ። በ2015 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የወላይታ ድምፅ ተሰርዞ በሰኔ 12 እንደገና ተሰጠ። በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች፤ ወላይታ ግን ብቻዋን ክልል አልሆነችም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የፓርቲን ስም ግን የሚያወጣው ጉባኤ ስለ ሆነ፣ ስሙ ሲለወጥ ምን እንደ ተጣለና ምን እንደ ተያዘ መናገር የጉባኤው ግዴታ ነው። የትናንቱ መመሪያ ስሕተት ከነበረ ስሕተት ነበረ ይባል። ትክክል ከነበረ ደግሞ ለምን በወላይታ ላይ እንዳልሠራ ይነገር።

አንዳንድ ሰዎች፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር በጠባብ መሬት ላይ እንሰት የሚተክለው ገበሬ የሚያስጨንቀው የማዳበሪያ ዋጋ እንጂ የፓርቲ ፍልስፍና አይደለም ይሉናል። ነገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን ልጁ በምን ቋንቋ እንደሚማር፣ አቤቱታውን ይዞ ወደ የትኛው ከተማ እንደሚሄድ፣ በጀቱ በየት በኩል እንደሚመጣለት የሚወስነው ያው ፍልስፍና ነው። የ«ወጋጎዳ»ም መጽሐፍ የገባው በልጆች ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እንደኛ ትምህርቱን በቅርብ ጊዜ የጨረሰ ወጣት፣ በአንድ ዕድሜ ሁለትና ሦስት መፈክር ተምሮ ሁለትና ሦስቱንም ሲረሳ አይቷል። እንዲህ የለመደ ትውልድ አራተኛው ሲመጣ ያጨበጭባል እንጂ አያምንም፤ ከማያምን ትውልድ ጋር አገር መሥራት ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ፓርቲው የተወውንና የጠበቀውን ለይቶ፣ በሶዶ ከተማ፣ በሕዝብ ፊት፣ በአማርኛም በወላይትኛም ቢያስረዳ፣ ሊጠበቅ የሚገባውን ትልቁን ወግ፣ ይኸውም ለሕዝብ መልስ መስጠትን፣ ጠበቀ እንለዋለን።