ዝምታ እምቢታ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ሾርት ኖርዝ፣ ሃይ ስትሪት ላይ ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ ሳለ የማውቀው ወጣት ወገናችን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። ማክሰኞ ለእናቱ መታከሚያ 300 ዶላር በእጅ ስልኩ ሲልክ፣ ስልኩ ጥቂት ካስጠበቀው በኋላ «አልተሳካም» አለው። ደግሞ ላከ። ዓርብ ቢያጣራ ሁለቱም ደርሰዋል። ሁለተኛው 300 ዶላር ለቤት ኪራይ ያስቀመጠው ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ተምረዋል፤ ኮምፒውተርም ይዋሻል እንዴ?» አለኝ።

እኔ ጋዜጠኛ ነበርኩ እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝምና መጻሕፍት አገላበጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እንደ ስልክ ነው፤ ደዋዩ መልሱን እስኪሰማ ድረስ እጀታውን ይዞ ይጠብቃል። ይህ የርቀት ጥሪ ይባላል። ሁለተኛው እንደ ደብዳቤ ነው፤ መልእክቱ ወረፋ ይይዛል፣ ተቀባዩ ሲመቸው ያነሳዋል፣ ላኪውም ወደ ሥራው ይሄዳል። አይቢኤም ኤምኪው ሲሪስ የተባለውን የዚህ ዓይነት መልእክት ማመላለሻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ትላልቅ ድርጅቶችና ባንኮች ይህን መንገድ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ተቀባዩ ጋ መብራት ቢጠፋ እንኳ ደብዳቤው ተቀምጦ ይቆየዋል።

የእጅ ስልካችን ግን የሚያውቀው መደወልን ነው። ስለዚህ በመሐል አዳፕተር የሚሉት አገናኝ ይቆማል። ጥሪውን ተቀብሎ ደብዳቤ ያደርገዋል፣ መለያ ቁጥር ጽፎ ወረፋው ውስጥ ይከተዋል፣ ያንኑ ቁጥር የያዘ መልስ ሲመጣም ለደዋዩ ያቀብላል።

አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ ውስጥ የምንከተውን የሶኬት አዳፕተር አስታውሱ። ቅርጹን እንጂ ኃይሉን አይለውጥም። የአሜሪካን 120 ቮልት የፀጉር ማድረቂያ በአዲስ አበባው 220 ቮልት ላይ የሰካ ሰው ጭሱን ያውቀዋል። ይኸኛውም እንዲሁ ነው፤ ደብዳቤን ስልክ ያስመስለዋል እንጂ የደብዳቤን መንገድ አያሳጥርም። ደዋዩ የሚጠብቀው 30 ሰከንድ ነው እንበል። ባንኩ መልእክቱን ከ10 ደቂቃ በኋላ ቢያነሳው አዳፕተሩ እስከዚያ ምን ይበል? በእጁ ያለው እውነት «መልስ አልመጣም» የሚል ብቻ ነው። «አልተሳካም» ካለ ዋሸ፤ ደብዳቤው እኮ መንገድ ላይ ነው!

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ርቀት ጥሪ ባሳተሙት ጥናት፣ ጥሪው መልስ ሳያመጣ ከቀረ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ወይም ጨርሶ ሳይሠራ ሊሆን እንደሚችል፣ ደዋዩም የትኛው እንደሆነ እንደማይነገረው በግልጽ አስፍረዋል።

መድኃኒቱም ታውቋል። ግሬጎር ሆፔና ቦቢ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት መጽሐፍ የመልእክት አዳፕተሮችን፣ የመለያ ቁጥርንና አንድን መልእክት ደግሞ ቢደርሰው ሥራውን የማይደግም ተቀባይን በየስማቸው አስቀምጠዋል። ይህን ወደ ልጃችን ጉዳይ ብናመጣው፣ አዳፕተሩ «ተቀብለናል፤ ገና አልደረሰም፤ ቁጥርዎ ይኸው» ማለት ነበረበት። ቁጥሩንም ከመነሻው ስልኩ ራሱ ይስጠው። አዳፕተሩ በየጥሪው አዲስ ቁጥር ከጻፈ ሁለተኛው ሙከራ ሌላ ደብዳቤ ይመስላል። የፊተኛው ቁጥር ከተደገመ ግን ተቀባዩ «ይህን ከፍያለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣ አደራ! ሌሎቻችንም «አልተሳካም» ባየን ቁጥር ጣታችንን እንሰብስብ፤ መጀመሪያ ተቀባዩን ደውለን እንጠይቅ።

ልጁስ? «እናቴን መልሺልኝ ልበላት?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። እናት እጅ የገባ ገንዘብ እንደማይጠየቅ እሱም ያውቃል። ዝም ብለን ቡናችንን ጠጣን።

የሳምንት ሰው ይበለን።