ከፕሮፖዛሉ በፊት ቆጠራው

የአንድ አጥቢያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ታሪክ» የሚል ርዕስ ባለው መጽሐፍ ውስጥ አይደለም። በጥንታዊ የወንጌል ብራናዎች ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፎ ይገኛል። የእድር መዝገብ ደግሞ ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሞተ፣ ሰፈሩ በየዘመኑ ስንት ብር ያዋጣ እንደነበር ይናገራል። አንዱ በቄሰ ገበዙ ቁልፍ፣ ሌላው በእድሩ ጸሐፊ አልጋ ሥር ይቀመጣል። አይጥና እርጥበት ሁለቱንም ያውቋቸዋል።

ይህን ለማዳን የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ገንዘብ የለም» የሚለውን ነው። እርግጥ በወረዳው በጀት ውስጥ የለም። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተመደበ ገንዘብ ግን በዓለም ላይ አለ፤ የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ የተቆጠረ ነገር ነው።

በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር ያለውና ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን የሚደግፈው ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው። አርካዲያ በተባለ ፈንድ ገንዘብ በ2004 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ከ400 በላይ ፕሮጀክቶችን ደግፏል። በኢትዮጵያም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናዎችና በትግራይ የማይ ወይኒ ገዳም መጻሕፍት ዲጂታል የሆኑት በዚሁ ድጋፍ ነው። ደንቡ ቁርጥ ያለ ነው። ዋናው ሰነድ ከአገር አይወጣም። አንድ ቅጂ እዚሁ ይቀራል፤ ሌላው ለንደን ሄዶ ለተመራማሪ በነጻ ይከፈታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ ከፊርማው በፊት በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ከተዘረፉት ብራናዎች 350 ያህሉ የሚገኙት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ነው። አንድ ቄሰ ገበዝ ካሜራ ይዞ የመጣን ሰው በጥርጣሬ ቢያይ «አልገባቸውም» ማለት ድፍረት ይሆናል። እንዲያውም ከማንም ይልቅ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

ፕሮግራሙ ከትልቁ ድጋፍ ሌላ ለቅድመ ዳሰሳ የሚሰጥ አነስተኛ ድጋፍም አለው፤ ጀማሪ አመልካች ሊያተኩር የሚገባው በዚህ ላይ ነው። ስንት መጽሐፍ አለ? ስንቱ በውሃ ተበላሽቷል? ባለቤቱ ማን ነው? ይፈቅዳል ወይ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ማመልከቻ እንግሊዝኛው ምንም ያህል ቢያምር አይረዳውም። ገንዘቡም በግለሰብ ኪስ ሳይሆን በተቋም በኩል ስለሚያልፍ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ሕጋዊ ተቋም ማስተባበር ግድ ነው። የጥገና ሥራ ከታከለበት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል።

መቁጠር ምን እንደሚያስገኝ ለማየት ወደ 1973 እ.ኤ.አ. መመለስ ይበቃል። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትም ተነሡ። የፊልሙ ቅጂ በሚኒሶታ ሲቀመጥ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ፈጅተው ብዙዎቹ መጻሕፍት ምን እንደያዙና ከየት እንደተገኙ በካታሎግ ዘረዘሩ። ያ ካታሎግ ባይኖር ፊልሙ የትም የማያደርስ የጥቅልል ክምር ሆኖ በቀረ ነበር።

በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የተጓዙት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ የድሮውን የዘፈን ቅጂ በራሳቸው ወጪ እየሰበሰቡ በገዛ ቤታቸው ማሳየት ጀመሩ። ስብስቡ ካደገ በኋላ የክልሉ መንግሥት የራስ ተፈሪን ቤት ለሙዚየም ሰጣቸው። መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ድጋፉ መጣ።

ይሁንና የውጭው ገንዘብ የራሱ ምርጫ አለው። የለንደኑ ፕሮግራም የሚያተኩረው ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት በተዘጋጁ ሰነዶች ላይ ነው። የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድም በኢትዮጵያ የሚታወቀው እንደ ላሊበላው ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ባሉ ስመ ጥር ሐውልቶች ነው። በ1960ዎቹ የተከፈተ የእድር መዝገብ፣ የደርግ ዘመን የቀበሌ ቃለ ጉባኤ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች ስም ዝርዝር በየትኛውም መስፈርት አያልፉም። ለአንዱ ዕድሜ፣ ለሌላው ዝና ያንሳቸዋል።

ስለዚህ ይህ የክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ድርሻ ነው። በየዓመቱ ለበዓልና ለሲምፖዚየም ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ በአገር ቋንቋ በሁለት ገጽ ቅጽ የሚጠየቅ አነስተኛ የአጥቢያ ታሪክ ፈንድ ሊቋቋም ይገባል። ስካነር፣ የብረት ሣጥን፣ የአንድ ወጣት የጥቂት ወራት አበል፤ ብዙው ጥያቄ ከዚህ አይዘልም።

እድሮች ግን ፈንዱ እስኪመጣ አይጠብቁ። በሚቀጥለው የወር ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ይያዝ፦ የመጀመሪያው መዝገብ በማን እጅ ነው?