የአዲስ አበባ ውኃ ከአርሶ አደሩ ማሳ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ

አዲስ አበባ ውኃ ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወረድ ብለው ፍልውኃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ለሰፈሩ ምንጩና ጅረቱ ይበቃው ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ ከተማዋ ወደ ዙሪያዋ የእርሻ መሬት ማማተር ጀመረች። በ1930ዎቹ ገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ድሬ ተገደቡ። ዘግይቶም የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተጨመሩ።

ገፈርሳ ያለው በትንሹ አቃቂ፣ ለገዳዲ ደግሞ በትልቁ አቃቂ ራስጌ ነው። ውኃው የሚጠራቀመው አርሶ አደሩ ከሚያርሰው ተዳፋት ነው። እርከንና ክትር ያልተሠራለት ማሳ በክረምት አፈሩን ወደ ግድቡ ይሰዳል። የለገዳዲ ውኃ በመደፍረሱ የታወቀ ሲሆን፣ ለማጥራት የሚገባው ኬሚካልም ወጪው ቀላል አይደለም።

እነዚሁ ሁለት ወንዞች ከተማዋን አቋርጠው ሲወጡ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸክመዋል። የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ በደለልና በጥገና እጦት ለአሥርት ዓመታት ቆሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም ነው። ሐይቁን ዛሬም እምቦጭ ያስቸግረዋል።

በወንዞቹ ዳር ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። በአትክልቱና በአፈሩ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። ወቀሳው ግን ሌላ ውኃ በሌለው አምራች ላይ ይበዛል፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ቢስፋፋም፣ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘው ቤት ብዙ ነው።

ከተማ ለውኃው ራስጌ ሊከፍል እንደሚችል ኒውዮርክ አሳይታለች። እ.አ.አ በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ነዋሪዎች አስተዳደሮች ጋር ተፈራርማ፣ ለፍግ ማከማቻና ለወንዝ ዳር ጥበቃ ወጪ ትሸፍናለች። ቸርነት አይደለም፤ በቢሊዮን ዶላር የሚገመት ማጣሪያ ከመገንባት ይረክስላታል።

እኛ ዘንድ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየዓመቱ ጥር ላይ ሲጀመር ጉልበቱ የአርሶ አደሩ ነው፤ ውኃውን የሚጠጣው ከተማ በዕቅዱም በበጀቱም ውስጥ ብዙም አይታይም። ጉዳዩ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብም በደለል እየተሞላ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዘንድሮውን የእርከን ዕቅድ ሲያዘጋጁ የከተማውን ውኃ አገልግሎት ጠርተው ድርሻውን ሊጠይቁት ይገባል።