ማስተማርን ከክፍል ውስጥ መማር

በእንግሊዝ አገር መምህር ለመሆን ከሚያበቁት መንገዶች አንዱ ሥልጠናውን በዋናነት በትምህርት ቤት ውስጥ መውሰድ ነው። አሠራሩ በ1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቶች በኅብረት ሆነው የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ራሳቸው ያሠለጥናሉ። አንድ የትምህርት ዘመን በሚፈጀው ሥልጠና ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜውን ከአንድ በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ያሳልፋል፤ ሲያጠናቅቅም የመምህርነት ብቃት ማረጋገጫ ያገኛል።

የሥልጠናው ዋልታ አማካሪ መምህሩ ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ሠልጣኙ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ለተማሪዎች የማሰቢያ ፋታ መስጠት አለመስጠቱን፣ መልሱንም ራሱ ቸኩሎ ተናግሮት እንደሆነ ይመዘግባል፤ ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ቁጭ ብለው ይነጋገሩበታል። ይህ ሥራ ጊዜ ይጠይቃል። የማስተማር ጫናው ያልተቀነሰለት አማካሪ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሠልጣኙን በወጉ ሊከታተል አይችልም፤ የዘርፉ ትልቁ ፈተናም ይኸው ነው። በዚህ እትም የቀረቡት ጽሑፎች አብዝተው የሚያተኩሩት በአማካሪው ሥራ ላይ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ፕራክቲከም ተብሎ የሚታወቀውን የተግባር ልምምድም ከዚሁ አንጻር ይመለከቱታል።