ከክር ሱቁ በርጩማ አንነሣ

ሰሞኑን በተማሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ አንድ ሐሳብ ብዙ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ሐሳቡ፣ በየዓርቡ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሽሮ ሜዳ በሚገኝ አንድ የክር ሱቅ ውስጥ የሚሰጠው የፈትልና የኪሮሽ ትምህርት ወደ ግቢያችን ይዛወር፤ አዳራሽ ይሰጠው፤ ክበብ ተብሎ ይሰየም፤ ለተከታተሉትም የምስክር ወረቀት ይታደል የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች በቅን ልቡና እንዳቀረቡት አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ በዚያ ሱቅ በርጩማ ላይ የተቀመጥን ጥቂት ተማሪዎች በሐሳቡ አልተስማማንም። ያልተስማማንበትን ምክንያት በዚህች መጽሔት አማካይነት ለጓደኞቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ሱቁን ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ፣ ነጠላና ቀሚስ ከተሰቀለባቸው ሱቆች በስተኋላ የምትገኝ ጠባብ ቤት ናት። በአንድ ወገን ለሸማኔ የሚሸጥ የፋብሪካ ድር፣ የእጅ ፈትል ማግና ለጥለት የሚሆን ባለ ቀለም ክር ተደርድሯል፤ በሌላው ወገን የሹራብ ክርና የኪሮሽ መርፌ አለ። እኛ እትዬ የምንላቸው ባለ ሱቋ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል በርጩማዎቹን ያወጡና ቡና አስፈልተው መማር የሚፈልገውን ሁሉ ያስተናግዳሉ። የሚመጣው ተማሪ ብቻ አይደለም። የሰፈር ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ለአራስ ልጅ ካልሲ ትሠራለች፤ ሌላዋ የጀመረችው ዳንቴል የተበላሸበትን ቦታ ለማስተካከል ትመጣለች፤ ሦስተኛዋ ምንም ሳትሠራ ለጨዋታው ብቻ ትቀመጣለች። ፈትል የሚያስተምሩን ግን እማማ የምንላቸው አንዲት አረጋዊት ናቸው። እሳቸው ለሱቁ ማግ የሚያቀርቡ፣ የፈተሉት እየተመዘነ የሚከፈላቸው፣ በእንዝርት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው።

የጀማሪ ትምህርት ከጥጥ ይነሣል። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉም ተጠቅልሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር መጻፍ እንዴት ቀላል ነው! ከመካከላችን አንዱ የፊዚክስ ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ቀን በእንዝርቱ ላይ ክብ ነገር የተሰካበት ለምን እንደሆነ፣ ክብደቱም ሽክርክሪቱን እንዴት እንደሚያቆየው ሲያስረዳ ሁላችንም በአድናቆት ሰማነው። እማማም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ «መልካም ብለሃል ልጄ፤ በል እንግዲህ ፍተል» አሉት። ክሩ ሰባት ጊዜ ተበጠሰበት። እኛም ስቀን ሳናበቃ ተራው ደረሰንና ከእሱ የባሰ ሆንን። እማማ ግን ዐይናቸው ከእኛ ጋር፣ ወሬያቸው ከጎረቤታቸው ጋር፣ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሹረው ሲለቁት ክሩ እንደ ፀጉር እየቀጠነ ይወርድ ነበር።

አንድ ዓርብ ደግሞ ድር ሊገዙ የገቡ አንድ የዶርዜ ሸማኔ አጠገባችን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና ልቃቂታችንን እንድናሳያቸው ጠየቁን። ጫፉን ይዘው በሁለት ጣታቸው መካከል እየጎተቱ «እዚህ ላይ ወፍሯል፤ እዚህ ላይ ሣሥቷል፤ ይህ ማግ አይሆንም» አሉ። ከዚያ ተቀምጠው አስረዱን። ድሩ በዕቃው ላይ ተወጥሮ ስለሚውል ጠንካራ የፋብሪካ ክር ይገዛለታል፤ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ግን ሸማው ይለሰልሳል፣ ገላን ያሞቃል፤ ማጉ ያልተስተካከለ እንደሆነ ጥበቡ ሁሉ ከንቱ ነው። ወር ያህል የደከምንበት ሥራ በአንድ ደቂቃ ወደቀ። በትምህርት ቤት ፈተና ወድቀን እናውቃለን፤ ነገር ግን ለምን እንደወደቅን እንዲህ በግልጽ ያስረዳን ፈታኝ ብዙ አላጋጠመንም። ከዚያን ቀን ወዲህ በማሽን የታተመ ጥለትና በእጅ የተሸመነ ጥለት ሲቀርብልን መለየት ችለናል። የእጅ ሥራው ዋጋ ለምን እንደሚከብድም አንጠይቅም።

እንግዲህ ይህ ትምህርት ወደ ግቢ ቢገባ ምን ይጎድለዋል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «ቀጭን ፈታይ» የሚለው ቃል ለእመቤት የሚሰጥ ምስጋና ነው። ያንኑ ክር ተቀብሎ ሸማ የሚያደርገው ሰው ግን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ ኖረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ግን አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይከፍትም። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ማንንም በሥራው አንሰድብም፤ በንግግራችን ሁሉ የእጅ ጥበብን እናወድሳለን። ነገር ግን ለበዓልና ለምረቃ የምንለብሰውን ሸማ ማን እንደፈተለውና ማን እንደሸመነው ጠይቀን እናውቃለንን? ሸማኔው ከግቢያችን በእግር በሚደረስበት ቦታ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ሲሠራ ይውላል፤ እኛ ስለ እሱ የምናነበው ግን በቤተ መጻሕፍት ነው።

ተማሪ ወደ ሕዝቡ ሄዶ አያውቅም ማለታችን አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ልኳል፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ እስከ ገጠሩ ድረስ አዝምቷቸዋል። የእነዚያን ተማሪዎች ድካም አናቃልልም። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው የሄደው ሊያስተምር ነው፤ ጠመኔውን የያዘው እሱ ነበር። በክር ሱቁ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የተማረው ሰው ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ፊደል ያልቆጠሩት እናት ያርሙታል። ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛው የትምህርት ክፍል ይገኛል?

ማኅተመ ጋንዲ እንኳ ይህን ትምህርት የተማረው ዘግይቶ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. «ሂንድ ስዋራጅ» የተባለውን መጽሐፍ ጽፎ የእጅ ሽመናን ለህንድ ድኅነት መድኃኒት ባደረገበት ጊዜ፣ የሽመና ዕቃም ሆነ የእጅ መፍተያ ማየቱን እንደማያስታውስ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ በግልጽ ተናግሯል። በአሽራሙ ሽመና ከተጀመረም በኋላ ክሩ የፋብሪካ ክር ነበር። መፍተያውን ፈልጋ በቪጃፑር ያገኘችለት ጋንጋቤን የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የመላው ህንድ የፈታዮች ማኅበር የተቋቋመው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዝ አገር ሕግ ተምሮ የተመለሰው ጠበቃ የሚሰብከውን ነገር ለማወቅ የሚፈትሉት ሰዎች ወዳሉበት መድረስ ግድ ሆኖበታል። እኛስ ከዚህ የተለየ አቋራጭ መንገድ አለን?

የተቃራኒዎቻችንን ምክንያት አንንቅም። ሱቁ ጠባብ ነው፤ 12 ሰው ከገባ መተንፈሻ የለም ይላሉ፤ እውነት ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ ያስቸግራል፤ ሴት ተማሪዎችም ሲመሽ ለብቻቸው መውረድ ይከብዳቸዋል ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። በአዳራሽ ቢሆን 100 ተማሪ ይማራል የሚለውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን 100 ተማሪ በአንዲት እማማ ፊት ቢደረደር ፈትል አይማርም፤ ስለ ፈትል ንግግር ይሰማል እንጂ። ፈትል የሚማሩት መምህሯ ጣትን ይዘው «ላላ አድርገው፤ አታስጨንቀው» ሲሉ ነው። ደግሞስ የሰፈሩ ሴቶች ወዴት ይሄዳሉ? በግቢያችን በር መታወቂያ ይጠየቃሉ፤ ቦርሳቸው ይፈተሻል፤ ልጅ ይዘው መግባታቸውም ያከራክራል። በሱቁ የእኛ አስተናጋጆች የነበሩት በግቢያችን እንግዶች ይሆናሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከእነሱ ግማሹ አይመጣም፤ በአራተኛው እኛው ከእኛው ጋር እንቀራለን። ድር ሊገዛ መጥቶ ልቃቂታችንን የሚፈትን ሸማኔም በአዳራሻችን በኩል አያልፍም።

ስለ ምስክር ወረቀቱም አንድ ቃል እንበል። ወረቀት ሲታደል ወረቀት ፈላጊ ይበዛል። እንዝርት ጨብጦ የማያውቅ ሰው ስሙን በመቆጣጠሪያው ላይ እያስጻፈ ፈታይ ተብሎ ይመረቃል። የዚህ ትምህርት ምስክር ልቃቂቱ ነው። የተስተካከለ እንደሆነ ሸማኔ ይገዛዋል፤ ያልተስተካከለ እንደሆነ ማኅተም አያስተካክለውም።

እስከዚህ ድረስ ሌሎችን ተቃወምን። አሁን ደግሞ የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን በእርግጥ እሱ ነውና።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት ሰሞን፣ በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ዓርብ እንደ ልማዳችን ሄድን፤ እማማ ግን አልመጡም። ጥቂት ጠበቅን፤ አጉረመረምን። ከእኛ አንዱ «ሰዓት ማክበር የማያውቅ አገር!» እስከማለት ደረሰ። እትዬ ሚዛናቸውን እየጠረጉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ የበዓል ማግ ይፈለግባቸዋል፤ ቤታቸው ሆነው እየፈተሉ ነው። ዓርብ ዓርብ እናንተ ስትማሩ እሳቸው አይፈትሉም እኮ። አንድም ቀን ይህን አላሰባችሁም?» በእውነቱ አላሰብንም ነበር። ትምህርቱ በነፃ ነው እያልን ለጓደኞቻችን ስንናገር፣ በነፃ የሆነው ለእኛ ብቻ መሆኑን ልብ አላልንም። የእማማ ሁለት ሰዓት ስንት ማግ እንደሚሆን እሳቸው ያውቁታል። በትሕትና ዝም ስላሉ ግን እኛ ስጦታ መሰለን። ስለ ሠራተኛው መብት በየስብሰባው የምንከራከር ሰዎች፣ በዐይናችን ሥር የምትሠራውን ሴት ጉልበት ያለ ዋጋ ስንወስድ ከረምን። ይህን ጥፋት የምንጽፈው ለመወቀስ ብቻ ሳይሆን እንዲታረም ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ገንዘብና ጉልበት የሚያወጣ ከሆነ፣ ለአዳራሽ ማስጌጫና ለወረቀት ማሳተሚያ ከማውጣት ይልቅ የሚከተለውን እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በየዓርቡ የሚገኝ ተማሪ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ያህል ያዋጣ፤ ገንዘቡም የመምህርነት ዋጋ ሆኖ ለእማማ ይሰጥ። ስጦታ ወይም ምጽዋት አይባል። ልኩንም እኛ አንወስን፤ እሳቸው በሁለት ሰዓት የሚፈትሉትን የሚያውቁት እትዬና ሚዛናቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ ለማዋጣት የሚያንሰው ተማሪ ሳያፍር እንዲማር የእሱን ድርሻ ማኅበሩ ይሸፍን። ሦስተኛ፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልገንን ባዘቶና ክር ከዚያው ሱቅ እንግዛ። እስካሁን ቡና እየጠጣን፣ በርጩማ እየያዝን፣ ክሩን ግን የሚረክስበት ፈልገን ከመርካቶ ስናመጣ መኖራችን የሚያኮራ አይደለም። አራተኛ፣ ሲመሽ በቡድን ሆነን እንድንወርድ ተራ ይውጣ። አምስተኛ፣ ፈላጊው ከበዛ አዳራሽ በመፈለግ ፈንታ በሌላ ቀን ሁለተኛ ፈረቃ ይከፈት፤ እሱም እማማና እትዬ የፈቀዱ እንደሆነ ነው።

ሱቅ ትምህርት ቤት ሊሆን አይችልም የሚል ካለ የሮችዴልን ታሪክ ያንብብ። በ1844 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዚያች የሽመና ከተማ 28 ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። የሸጡትም ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ ነበር። በኋላ ግን ከትርፋቸው ከመቶ ሁለት ተኩሉን ለአባሎቻቸው ትምህርት ማዋልን ደንብ አደረጉ፤ የማንበቢያ ክፍልም ከፈቱ። በዓለም ላይ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሁሉ እነሱን እንደ አባት ይቆጥራል። እነሱ ትምህርትን ከሱቃቸው አላባረሩም፤ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል አስቀድመው በደንባቸው ጻፉ። እኛ የጎደለን ይህ ሁለተኛው ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ግቢያችን ብዙ አዳራሽ አለው፤ ብዙ ክበብም ተቋቁሞበት ብዙው ፈርሶበታል። ከአጥሩ ውጭ ግን ተማሪውን፣ ፈታይዋን፣ ሸማኔውንና የሰፈሩን እናት በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ የሚያስቀምጥ ስንት ቤት እናውቃለን? ያገኘነውን አንዱን ቤት ወደ አጥራችን ስበን አናጥፋው። በርጩማው ላይ እንቀመጥ፤ የተቀመጥንበትንም ዋጋ እንክፈል። እማማ ከጥምቀት በኋላ ተመልሰዋል፤ ስለ ቀሩበት ይቅርታ የጠየቁትም እሳቸው ነበሩ። ይቅርታው የእኛ ዕዳ ነበርና ልንከፍለው የምንሻ ሁሉ ዓርብ በአሥር ሰዓት እዚያው እንገናኝ።