ለክርስትና ልጅ ወርቅ ወይስ ጊደር?

በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የከተማው ዘመድ መጀመሪያ የሚያስበው ወርቅ ነው፤ ትንሽ ሐብል፣ መስቀል፣ ለሴቷ ጉትቻ። በዙሪያው ባለው ገጠር ደግሞ ለልጅ ጥጃ ወይም በግ መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ጎጆ እስኪወጣ ከእሷ የተዋለደው ሁሉ የእሱ ይባላል። ዛሬ ወርቁ የሠለጠነ ሰው ስጦታ፣ ጊደሯ የድሮ ሰው ስጦታ ተደርጋ እየታየች ነው። ይህን ግምት እቃወማለሁ። ወርቅ ለልጅ የታሰበን ገንዘብ ከመመናመን ያድናል፤ ገንዘቡን ግን አያራባም። ለልጅ ነገ ታስቦ የሚሰጥ ነገር በቅድሚያ የሚወልድ መሆን አለበት፤ ወርቅ ከዚያ ቀጥሎ ይምጣ።

ወርቅ መምረጥ ሞኝነት ነው ማለቴ አይደለም። የጎጃም ሰው ወረቀት ገንዘብን በሙሉ ልቡ አለማመኑ በቂ ምክንያት አለው። ማርትሬዛ 28 ግራም የምትመዝን፣ ከሺው 833 እጇ ብር የሆነች ሳንቲም ነበረች። አያቶቻችን ቀብረው ያኖሯት፣ አንጥረኛ ዘንድ ወስደው አልቦና መስቀል ያሠሯት፣ ነጋሪት ቢለወጥም የብሩ ክብደት እንደማይለወጥ ስላወቁ ነው። ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከድቷል። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ኖት ሲቀይር፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ፣ በተወሰነው ጊዜ ያልመለሰው ሰው በሣጥን ያኖረው ገንዘብ ተራ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። በሕጋዊ መንገድ ባንክ የተቀመጠውም ቢሆን ከጉዳት አላመለጠም። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ተሻገረ፤ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት 27 ብር ገደማ ደረሰ፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ።

ቁጥሩን እናስላው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አንድ ግራም ንጹሕ ወርቅ በዓለም ገበያ ዋጋና በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 1,100 ብር ገደማ ነበር። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ያው ግራም 18 ሺህ ብር ገደማ ሆነ። ያኔ 1,100 ብሩን በዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ፣ በ7 በመቶ፣ ባንክ ያስቀመጠ ሰው በእጁ ያለው ከ1,900 ብር ብዙም አይበልጥም። ይህን ያየ ወላጅ ወርቅ ቢያመልክ አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ የአሥራ ስድስት እጥፍ ጭማሪ ከምን እንደመጣ መለየት ያስፈልጋል። ወርቁ ራሱ በዶላር የጨመረው ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ቀሪውን ያመጣው የብራችን መውደቅ ነው። የወርቁ ባለቤት ትርፍ ብሎ ከሚደሰትበት ውስጥ ትልቁ ክፍል ሌሎች ያጡትን እሱ አለማጣቱ ብቻ ነው። ሦስት እጥፉም ቢሆን የዘላለም ቃል ኪዳን የለውም። በ1972 ዓ.ም. ጥር ወርቅ በወቄት 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ 280 ዶላር አካባቢ ነበር። በብር ስናሰላው ደግሞ ከ1,760 ወደ 2,300 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ያን ዓመት ክርስትና ተነሥታ ወርቅ የተሰጣት ሕፃን ሃያ ዓመት ጠብቃ ያገኘችው ጭማሪ ሲሶ እንኳ የሚሞላ አልነበረም፤ በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ የጤፍና የበርበሬ ዋጋ የት እንደደረሰ ቡሬ ገበያ የዋለ ሰው ያውቃል።

ይህ ሁሉ ስለ ንጹሕ ወርቅ የተባለ ነው። ለሕፃን የሚገዛው ግን ጌጥ ነው። ባለ 18 ካራቱ ሐብል ውስጥ ያለው ወርቅ 75 በመቶ፣ ባለ 21 ካራቱ ውስጥ 87 ከግማሽ በመቶ ነው። የአንጥረኛው የእጅ ዋጋ ሲገዙ ይከፈላል፤ ሲሸጡ የለም። ሕፃን አንገት ላይ የዋለ ቀጭን ሐብል ይበጠሳል፣ ይጠፋል፣ ጸጥታ በጎደለበት ዘመን ደግሞ ሌባ ይጠራል። የከበሩ ድንጋዮችማ ለዚህ ጉዳይ ፈጽሞ አይሆኑም። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወሎ ደላንታ የሚወጣው ኦፓል ዓለም ያደነቀው ውበት ነው፤ የሻኪሶ ኤመራልድም እንዲሁ። ነገር ግን ወርቅ በግራም ተመዝኖ ዋጋው ይታወቃል፤ ድንጋይ ግን እያንዳንዱ በቀለሙ፣ በጥራቱ፣ በአቆራረጡ ለየብቻ ይገመታል፤ የመገመት እውቀቱ ያለው ገዢው እንጂ ሻጩ አይደለም። የደላንታ ኦፓል ውኃ ሲነካው ስለሚመጥ ለጊዜው ቀለሙን እስከማጣት ይደርሳል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ፍኖተ ሰላም ላይ እሱን ይዞ የሚዞር ወጣት የሚገጥመው ደላላ ነው፤ ዋጋውንም የሚቆርጥለት ደላላው ይሆናል።

አሁን ወደ ጊደሯ እንመለስ። የአገራችን ላም በአራት ዓመቷ ገደማ የመጀመሪያ ጥጃዋን ትወልዳለች፤ ከዚያ በኋላ በየዓመት ከመንፈቁ ወይም በየሁለት ዓመቱ። ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው እናቲቱ ራሷ አምስት ስድስት ጊዜ ወልዳ ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ ሴት ጥጆቿም የራሳቸውን ወልደዋል። ግማሾቹ ቢሞቱ፣ ወይፈኖቹ ለትምህርት ቤት ወጪ ቢሸጡ እንኳ የተረፈው ከተሰጠው ይበልጣል። በየመሐሉ ወተቱ፣ ቅቤው፣ ኩበቱ አለ። ከሁሉም በላይ የከብት ዋጋ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ብር ሲረክስ ላም አትረክስም። ወርቅን የምናወድስበት ጥበቃ ላሟ ዘንድም አለ፤ ወርቅ ዘንድ የሌለው መዋለድ ደግሞ ተጨምሮበታል።

ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ትክክልም ነው። የግጦሽ መሬት ታርሶ አልቋል። ወደ ዓባይ ሸለቆ በወረደው ቆላ ገንዲ አለ፤ አባ ሰንጋም አንድ በረት በአንድ ሳምንት ባዶ ያደርጋል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን የሚኖር የክርስትና አባት ጊደር የት ያስራል? ለመጨረሻው ጥያቄ አገሩ ራሱ መልስ አለው፤ የርቢ። ባለገንዘቡ ጊደሯን ገዝቶ ለሚያረባ ገበሬ ይሰጣል፤ የተወለደውን በስምምነታቸው ይካፈላሉ። በዚህ መንገድ የከተማው ዘመድ ለሕፃኑ ሀብት ሲያኖር ላም የሌለው ጎረቤትም ወተት ያገኛል። ለአንዲት ሐብል የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የአገር ጊደር መግዣ ይሆናል። በሽታን በተመለከተ ለአባ ሰንጋ ክትባት፣ ለገንዲ መድኃኒት አለ፤ በአንዲት ላም ብቻ ከመተማመን ይልቅ ከተገኘው ጥጃ አንዱን ወደ በግ መለወጥም ይቻላል። ግጦሽ ለጠፋበት ቀበሌ ደግሞ የንብ ቀፎ አለ። ባሕር ዛፍም ብዙ ቤተሰብ አቁሟል፤ መራዊ አካባቢ ያለው የሜጫ ገበሬ ማሳውን ወደ ባሕር ዛፍ የለወጠው ተቆርጦ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ገንዘብ ስለሆነለት ነው። እዚህ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። በቆሎና በርበሬ የሚያበቅልን መሬት ለባሕር ዛፍ መስጠት ከልጁ አፈርና ውኃ ወስዶ ለልጁ መስጠት ነውና ለገደልና ለተራቆተ ቦታ ብቻ ይሁን።

የከተማው ልጅ የአክሲዮን ድርሻ ቢሰጠውስ? እሱም የሚወልድ ስለሆነ ከዚህ ክርክር ጋር አይጋጭም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ቢያንስ 33 አክሲዮን እንዲገዛ አድርጎ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ለገበያ ከወጣው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ገበያው ገና ሕፃን ነው፤ አክሲዮኑን በፈለጉት ቀን በፈለጉት ዋጋ መሸጥ ገና አይጠበቅም። ቢሆንም አሥራ ስምንት ዓመት መጠበቅ የሚችል ስጦታ ለዚህ የሚስማማ ነው። በቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥና ዙሪያ የሚተከሉ ፋብሪካዎች አንድ ቀን ድርሻቸውን ለአካባቢው ሰው ቢሸጡ፣ በቆሎውንና ስንዴውን የሚያቀርበው ገበሬ ልጅ ባለድርሻ ቢሆን እመኛለሁ።

ያልተነካ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ ስጦታው በማን እጅ ይቆያል? ወርቁም ጊደሯም የልጁ ነው ተብሎ በወላጅ እጅ ያድራል፤ ክረምት ሲከፋ፣ ድግስ ሲመጣ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ የሚሸጠው መጀመሪያ እሱ ነው። ችግር አስገድዶት የሸጠን ወላጅ አልወቅስም። ነገር ግን ያለ ጽሑፍ የተሰጠ ነገር ለሕፃኑ የተሰጠ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል፤ አባት ሲሞት ወይም ወላጆች ሲፋቱም ከንብረቱ ጋር ይከፋፈላል። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጎን ሲገባ የብዙ ሴቶች ይዞታ ጠንክሯል፤ መሬቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ጽሑፉ ነው። ለሕፃናት ስጦታም ይህንኑ እናድርግ፤ በተለይ ለሴት ልጆች፤ ጉትቻ ተሰጥቷቸው ጊደሯ ለወንድማቸው የምትቀረው እነሱ ናቸውና።

ስለዚህ በመጪዎቹ ወራት ክርስትና የምታነሡ ሁሉ፣ በተለይ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የምትመጡ፣ ሐብሉን ከመግዛታችሁ በፊት የሕፃኑን ወላጆች ጊደር የሚያረባ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ካለ ጊደሯን ግዙ፤ የጊደሯን መልክ፣ የሕፃኑን ሙሉ ስም፣ የርቢውን ስምምነት በሦስት ምስክር አስፈርማችሁ አንዱን ቅጂ ለወላጆች፣ አንዱን ለገበሬው ስጡ፤ አንዱን ራሳችሁ ጋ አስቀሩ።