«በደንብ ይብሉ»

ሰኞ ዕለት ጎረቤቴን አጅቤ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። መድኃኒቷን የምትወስድበት ቀጠሮ ነው፤ እግሯን ስላመማት ደግፌ አስገባኋት። እንድጽፈው የፈቀደችልኝ እሷው ናት። ሰፈራችንን ግን አልጠራም።

ነርሷ መዘነቻት፤ ክንዷን በዚያች ባለ ቀለም መለኪያ ለካቻት። ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ «እናቴ፣ ኪሎ ቀንሰዋል። በደንብ ይብሉ። የተመጣጠነ ምግብ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ፍራፍሬ» አለቻት።

ጎረቤቴ «እሺ ልጄ» አለች። ሌላ ምን ትላለች? ጠዋት ከቤት ስትወጣ የቀመሰችው ያደረ ግማሽ እንጀራ በበርበሬ ነው። ነርሷ አላወቀችም፤ አልጠየቀቻትምና።

«የተመጣጠነ ምግብ» ከሚለው ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ጠቡ አልበረደም። ምክሩ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። እንደ ጎረቤቴ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ምንም ሳያመው እንኳ ከሌላው 10 በመቶ ያህል የበለጠ ኃይል ሰጪ ምግብ ይፈልጋል፤ ሕመም ሲጨመርበት ከ20 እስከ 30 በመቶ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ከተናገረ 20 ዓመት አልፏል። ነገር ግን ጓዳው ባዶ ለሆነ ሰው እንዲህ ያለው ምክር ወቀሳ ነው። ጎረቤቴ ከዚያ ክፍል የወጣችው አንገቷን ደፍታ ነው። በሩ ላይ «ኪሎዬን ጣልኩት አይደል?» አለችኝ፣ የሰው አደራ የጠፋባት ይመስል።

መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን ወጣቶች አታውቁትም። እኔ የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ «ዛሬስ የማን ቤት ነው?» እያልን የምንነቃበትን ጊዜ አልረሳውም። ጎረቤቴ በዚያው ዓመት ከጀመሩት አንዷ ናት፤ በሰው ሸክም ገብታ በእግሯ ተመለሰች። ክኒኑ ሲያድናት ግን የምግብ ፍላጎቷም አብሮ ተነሣ። «አንጀቴን ፋቀው» ትል ነበር። የዛሬው ክኒን በባዶ ሆድም ይዋጣል፤ ማንም ምግብ አጣሁ ብሎ እንዳይዘለው። እሷም አትዘለውም። በውሃ ትውጠውና ትተኛለች። «ሌሊቱ ነው የሚረዝምብኝ» ትላለች።

አንድ ሰሞን ፕላምፒ ነት ይሰጧት ነበር። ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራች፣ በ92 ግራም 500 ካሎሪ የያዘች እሽግ ናት፤ የከሳን ሰው ከሞት አፋፍ ትመልሳለች። ነገር ግን ሁለት የልጅ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዓይን ዓይኗን እያዩ ብቻዋን ትብላ? አንዷን ለሦስት ይልሷታል። ኪሎዋ ሲመለስ ደግሞ ደንቡ ነውና ከመዝገብ ትወጣለች። ከሳች ሰጧት፤ ወፈረች አቆሙባት፤ መልሳ ከሳች። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ በድንገት ሲታገድ በዚያ ገንዘብ የሚሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ቤቷ ድረስ እየመጣች «ዛሬ ምን በላሽ?» የምትላት ልጅም ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

እንቁላልና ወተት የተባለው ደግሞ በጾም መሆኑን ልብ በሉልኝ። እምነት ከሕክምና ጋር አይጋጭም፤ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አይጣሉም ብለው በአደባባይ ሲያስተምሩ ስንቱ በጸበሉ ብቻ ተማምኖ ክኒኑን ከጣለበት አንሥቷል። የጾሙን ነገር ለነፍስ አባቷ እተዋለሁ። ግን ምክሩ ለምን ከሽሮው አይጀምርም? የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ ይህ ሁሉ ጠቃሚ ምግብ ነው፤ እሷም እጇ ያውቀዋል። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የምግብ ሥዕል ግን ሽሮን አያውቃትም።

ልጽፍ የተነሣሁት እዚህ ድረስ ነበር። ታክሲ ስንጠብቅ የተናገረችው ነገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ጋር ዋለ።

«እንጀራዬ ቢሸጥልኝ ማን ኪሎዬን ይቆጥረው ነበር?»

ጋግራ ትሸጥ ነበር። እኔም ደንበኛዋ ነበርኩ። ዓይናማ፣ ስስ፣ ጠርዙ የማይሰነጠቅ እንጀራ ነበር የምትጋግረው። አንድ ቀን የቀጠሮ ካርዷን አከራይዋ አየችባት። ሳምንት አልሞላም፣ ወሬው ግቢ ለግቢ ዞረ። ደንበኞቿ ምንም ሳይሏት አንድ በአንድ ቀሩ። አንዷ ግን የገዛችውን አምስት እንጀራ በፌስታል አድርጋ በልጇ መለሰችላት፤ ልጅቱም ደጃፉ ላይ አስቀምጣው ሮጠች። ቫይረሱ በእንጀራ እንደማይተላለፍ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተነገረው ማን አለ? የዚያች ልጅ እናትም ታውቃለች። ሰው በገንዘቡ ከፈለገው ይገዛል ትሉኝ ይሆናል። ይግዛ። ጎረቤቴ መክሳት የጀመረችው ግን ያ ፌስታል ደጇ ላይ ከተቀመጠበት ቀን ነው።

እኔስ? መግዛቴን አላቆምኩም ነበር። ግን በማታ ነበር የምሄደው። እንግዳ ቤቴ መጥቶ «ይህ እንጀራ ከየት ነው?» ሲለኝ «ከሱቅ» እል ነበር። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በኋላ እሷም መጋገሩን ተወችው። ምጣዱን ግን አልሸጠችውም፤ በጆንያ ጠቅልላ አልጋዋ ስር አኑራዋለች።

በዚያው ሰኞ ማታ ግን ከእኛ ቤት እርሾ ወሰደች። ዱቄቱን በዱቤ ያገኘሁላት እኔ ነኝ። ሐሙስ ጠዋት ጢሱ በአጥሩ ላይ ሲወጣ አየሁት። 15 እንጀራ በሰፌድ ይዤ፣ ሳልሸፍን፣ በግቢው መሐል ሳልፍ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤታችን «ከማን ነው?» አለችኝ። ስሟን ጠርቼ ነገርኳት።

እጇ ላይ ያለውን አንሶላ እንደያዘች ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ስንት ነው የምትሸጠው?» አለችኝ።